በሐዘንተኛው ስም የገባው ኮድ

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ወደዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ባልገባሁ ነበር። የቢሯችን ማተሚያ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ፣ የጻፍኩትን መመሪያ በፍላሽ ይዤ የማሳትምበት ስፈልግ ሰማዩ ተቀደደና ፊት ለፊቴ ባገኘሁት በር ዘው አልኩ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የወረቀት ካርቶን። ከማሽኑ ጀርባ ቀጠን ያለ ሰው ቆሟል። ፍላሹን ተቀብሎኝ ምንም ሳይናገር ማተም ጀመረ።

በኋላ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» እንዳትሉኝ ስለ ራሴ ልናገር። እኔ የመመሪያ ጸሐፊ ነኝ። የምጽፈውን በደህና ቀን ማንም አያነበውም፤ ነገር ሲበላሽ ግን ሁሉም አንብቦ እኔን ይረግማል። የምሠራበት ቤት ለፕሮግራመሮች የኮድ ማከማቻ ይሠራል። የየመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ እዚያ ያስቀምጣሉ፣ እዚያ ይተራረማሉ። አንድ ፕሮግራመር «ይኸው፣ ጨርሻለሁ» ብሎ የሚያስረክባት እያንዳንዷ ሥራ ኮሚት ትባላለች፤ ከጎኗም የሠራው ሰው ስምና ፎቶ ይወጣል። ለጊዜው ይህን ካወቃችሁ ይበቃችኋል።

ማሽኑ ገጾቹን ሲተፋ ሰውየው አንዱን አንሥቶ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ።

«ከዚህ ቤት ነሽ እንዴ?» አለኝ፣ ገጹ አናት ላይ ያለውን ምልክት እያሳየኝ።

«አዎ። ምነው?»

«‹የኮሚቱ ባለቤት ስም እዚህ ጋ ይታያል› ብለሻል። ውሸት ነው።»

ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ የጻፍኩትን ሲነኩብኝ ደግሞ ይብስብኛል። «ምኑ ነው ውሸቱ? በየቀኑ የማየው ነገር እኮ ነው!» አልኩት።

«የምታዪው ‹ባለቤቱ እኔ ነኝ› ያለውን ሰው ስም ነው። ኮምፒውተርሽ ላይ የኔን ስም ብትጽፊ፣ ማከማቻችሁ አሜን ብሎ ይቀበልሻል። ፎቶዬንም ጎትቶ ያወጣልሻል። እኔን ያባረረኝ ያ ፎቶ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ማን እንደሆነ ያወቅሁት። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ስለወጣ ሰው ኮሪደር ላይ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ነበር። «ዝምተኛው» ይሉታል። በቤታችን ማከማቻ አሮጌ ቅጂዎችን የሚያጸዳ ኮድ ነበር፤ ከውስጡ «መጀመሪያ ጠይቅ» የምትለውን መስመር አውጥቶ፣ የአንድ ሆስፒታል ፕሮግራመሮችን ሥራ በሙሉ ድራሹን ያጠፋ ሰው ነው ተብሎ ይወራል። የላቦራቶሪ ውጤት ቆሞ፣ በሽተኛው በየኮሪደሩ ወንበር ላይ ሲንገላታ ነበር አሉ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ግድየለሽ ነው!» ብዬ ነበር። ያ ግድየለሽ አሁን ፊቴ ቆሞ ገጾቼን በጥንቃቄ ያስተካክላል።

«አልጻፍኩትም» አለ። «ያን ሳምንት እናቴን እየቀበርኩ ነበር።»

«እንዲህ ብለህ አልተናገርክም?»

«ተናገርኩ እንጂ! አለቃው ስክሪኑን ወደኔ አዞረና ‹ይሄ ማነው?› አለኝ። እኔ ነኝ፤ ስሜ ነው፣ ፎቶዬ ነው፣ ጥርሴን ገልጬ እስቃለሁ። ‹ከቤትህ ሆነህ መላክ አትችልም?› አለኝ። እችላለሁ። ምን ልበል?»

«ታዲያ ማን ጻፈው?»

«ስም ማቆየት ሲባል አልሰማሽም? በዚያ ቤት ሰው ሲታመም ወይም ሐዘን ላይ ሲሆን፣ ጓደኞቹ ትንሽ ትንሽ እየሠሩ በእሱ ስም ያስገቡለታል፤ አለቃው ማን በየቀኑ ምን እንደሠራ በሚያይበት ሰንጠረዥ ላይ ቀኑ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ነው። ደግነት ነው፤ ልማዱን ያመጡት የቤታችሁ አንጋፋ ጋሼ ናቸው። ለኔም አቆዩልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው! ነገሩ ሲበላሽ ግን ሁሉም አፉን ያዘ። ልማዱ ከታወቀ ቤቱ በሙሉ ተጠያቂ ነዋ። ጋሼ አለቃው ጋ ገብተው ‹ወጣት ነው፣ ሐዘን ላይ ነበር፣ ማሩት› አሉ። ምሕረት ለመኑልኝ እንጂ እውነቱን አልተናገሩልኝም።»

ገጾቼን በስቴፕለር አያያዘልኝ። ከዚያ፣ እንደዋዛ አድርጎ፣ ዋናውን ነገር ነገረኝ። የሱቁ ባለቤት የእህቱ ባል ነው፤ እሱ ሆዱን ለመሙላት ያህል ቆሞበታል። ሌላ ቦታ ሥራ አመልክቶ ፈተናውን አልፏል። የቀረው የቀድሞውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ነው፤ የሚጠየቁትም ጋሼ ናቸው።

«ምን እንደሚሏቸው ከአሁኑ አውቃለሁ» አለ። «‹ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንዴ ተሳስቷል፣ ይቅር በሉት› ይሏቸዋል። ይቅርታ የሚለመንለትን ሰው ማን ይቀጥራል?»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። እኔ ግን ስወጣ ከገባሁበት ጊዜ ይልቅ ጨልሞብኝ ነበር።

ጋሼን ሻይ ክፍሉ ውስጥ አገኘኋቸው። ጋሼ ማለት ቤቱ ሲመሠረት ጀምሮ የነበሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «መነጽሬን ያየ?» የሚሉ፣ የሁሉም አባት የሆኑ ፕሮግራመር ናቸው። እሳቸው «ይሁን» ካላሉ ትልቅ ሥራ ማከማቻው ውስጥ አይገባም። ፊት ለፊታቸው የእህታቸው ልጅ ተቀምጣለች፤ ትምህርቷን ጨርሳ ከመጣች ወዲህ እሳቸው በቀልድ «ምሁሯ» ስላሏት ሁላችንም ምሁሯ እንላታለን። ለወራት የለፋችበት ሥራ ተጠናቆ የሳቸውን «ይሁን» ይጠብቃል። ኮሚት ላይ የሚያርፍ ፊርማና የፊርማውን ባለቤት የሚያጣራ ማረጋገጫ ነው።

«መጣሽ?» አሉኝ ጋሼ። «በይ ኪስሽን ያዢ፣ ይቺ ልጅ ሁላችንንም ልታስፈርመን ነው!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሻይም ሳልቀዳ ጥጉ ጋ ቆምኩ። እሳቸው ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።

«ልጄ፣ እኔ የምልሽ ቀላል ነገር ነው። ይህ ቤት የቆመው በመተማመን ነው። ወንድምህን ‹ፈርም› ስትለው ‹አላምንህም› እያልከው ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤትዎን ሲቆልፉ ጎረቤትዎን ሌባ ማለትዎ ነው?»

«እሱማ ለአላፊ አግዳሚው ነው።»

«የኛ በር ለአላፊ አግዳሚው ክፍት አይደለም እንዴ? ሁላችንም የምንገባው በአንድ የጋራ የይለፍ ቃል ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ መስኮት የሚያጸዳው ሰውዬ ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል። ከገቡ በኋላ ‹እገሌ ነኝ› ያለ እገሌ ነው። ማከማቻው ማንን ጠይቆ ያውቃል?»

«እሺ፣ ፊርማሽ ምን ያደርጋል?»

ምሁሯ ወንበሯን ሳብ አደረገች። ስታስረዳ ትዕግሥት አላት፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ፤ እኔ ብሆን ጮኼ ነበር።

«ሁለት ቁልፍ ይኖርዎታል። አንዱ የሚስጥር ነው፤ ከኮምፒውተርዎ አይወጣም፣ ለኔም አይሰጡኝም። ሁለተኛው ይፋዊ ነው፤ ለማንም ይሰጣል። በሚስጥሩ ይፈርማሉ፣ በይፋዊው ሌላው ሰው ፊርማዎን ያመሳክራል። ፊርማው የሚወጣው ከሚስጥር ቁልፍዎና ከኮዱ ከራሱ ስለሆነ፣ ከፈረሙ በኋላ አንድ ነጥብ እንኳ ቢነካ አይገጥምም። ቁልፉን ያልያዘ ሰው በእርስዎ ስም መፈረም አይችልም።»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸው በራ። ሰውየው ሽማግሌ ይሁኑ እንጂ ሞኝ አይደሉም። «ቁልፉን የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ነው አይደል? አንዱ ቀጣፊ ተነሥቶ ቁልፍ ሠርቶ ‹የጋሼ ቁልፍ ይኸውላችሁ› ቢልስ? ፊርማው ይገጥማል፤ እኔ ግን እኔ አይደለሁም!»

«ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው! ፊርማ ብቻውን ምንም አይደለም። ቁልፉ የማን እንደሆነ መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት። እያንዳንዱ ቁልፍ አሻራ አለው፤ የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ነው። ሰውየው በአካል ይመጣል፣ አሻራውን ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ እኛ ማከማቻው ላይ ካለው ጋር እናስተያያለን። ልክ ከሆነ ቁልፉ በስሙ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ ሥራው ላይ ‹ተረጋግጧል› የሚል ይወጣል።»

«ካልፈረመስ?»

«‹አልተረጋገጠም› ይላል።»

ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አየሽ! እሱን ነው የምፈራው። በሰው ልፋት ላይ ‹አልተረጋገጠም›! ስድብ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ስድብ አይደለም ጋሼ። ‹ውሸታም ነህ› አይልም፤ ‹አላውቅም› ነው የሚለው። የአሁኑ ማከማቻችን ሳያውቅ ‹አውቃለሁ› ይላል። የቱ ነው የሚብሰው?»

 ጋሼ ወደ ሌላ ጥያቄ ዞሩ።

«ቁልፉ ቢሰረቅስ?»

«ወዲያው ይናገራሉ፣ ቁልፉ ይሻራል። ከተሻረ በኋላ የሚመጣ ፊርማ ተቀባይነት የለውም። ያለ ፊርማ ግን ስምዎ መሰረቁን እንኳ የሚያውቁበት መንገድ የለም።»

ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እውነቱን ልንገርሽ? ይህ ነገር ከገባ ስም ማቆየት ቀረ ማለት ነው። እኔ ያንን ልማድ ያመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። ድሮ አንድ ጓደኛችን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አለቃው ‹ሰንጠረዡ ባዶ ነው› ብሎ ሊያባርረው ሲል፣ ተከፋፍለን ሠራንለት። ሰውየው ዳነ፣ ሥራውም ቆየለት። አሁን አንቺ የሰውን ፍቅር በቁልፍ ልትዘጊብኝ ነው?»

«ፍቅር ከሆነ በራሳችሁ ስም ሥሩለት! ለአለቃውም ‹ሰውየው ታሟል› በሉት። ባዶው ባዶ ይሁን። የታመመ ሰው ቀኑ ባዶ ቢሆን ምን ነውር አለው?»

ይህን ጊዜ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ከዝምተኛው ዘንድ ነው የመጣሁት» አልኩ።

 ከፎቶ ኮፒው ቤት የሰማሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ የእናቱን ቀብር፣ ስክሪኑ ላይ የሚስቀውን ፎቶ፣ አሁን ስለሱ የሚጠይቀውን ቤት። ስናገር ድምፄ እየጨመረ መሄዱን ያወቅሁት ከውጭ የሚያልፉ ሰዎች ዞር ሲሉ ነው።

«እኔ እኮ ለምኜለታለሁ» አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው።

«ለመኑለት። አልመሰከሩለትም!»

«ልጁ ያጠፋ መስሎኝ ነው። ሰው በሐዘኑ ልቡ ይበተናል፤ ከቤቱ ሆኖ ነካክቶት ይሆናል ብዬ… ስሙ ነበረዋ። ፎቶውም።»

ምሁሯ ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ፍቃድዎ ይሁንና አንድ ነገር ላሳይዎት» አለች። የሙከራ ማከማቻ ውስጥ ገባች። የራሷን ስም አጥፍታ የአጎቷን ስምና ኢሜይል ጻፈች። ከዚያም ያንኑ የማጽጃ ኮድ አውጥታ «መጀመሪያ ጠይቅ» የምትለዋን መስመር ሰርዛ አስገባች። ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀባትም።

ስክሪኑ ላይ ጋሼ ወጡ። በክራባት የተነሡት፣ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ፎቶ ነው። ከጎኑ ስማቸው። ከስሙ ሥር ሆስፒታሉን ያቆመው ስሕተት።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አይተው አይተው፣ «አሁን ይህን እኔ አልጻፍኩም ብል ማን ያምነኛል?» አሉ።

«ማንም» አለች ምሁሯ።

እዚህ ላይ አሸነፍን ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም፤ ምክንያቱም ጋሼ ወንበራቸው ላይ ዝቅ ብለው ያልጠበቅነውን ነገር ተናገሩ።

«ያን ሳምንት ለዝምተኛው ስም ካቆዩለት አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። «ሌሎችም ነበሩ። አንዱ ጠዋት ይሠራል፣ አንዱ ከምሳ በኋላ፤ ሁላችንም በእሱ ስም፣ በዚያው በአንዱ የይለፍ ቃል። የማጽጃውን ኮድ ከፍቼው እንደነበር ትዝ ይለኛል። መስመሯን ሰርዣለሁ? አልሰረዝኩም? እስከ ዛሬ ለራሴ ‹አልሰረዝኩም› ስል ነበር። አሁን ‹ይማሉ› ብትሉኝ ግን መማል አልችልም።»

«የሚታወቅበት መንገድ የለም?» አልኩ ወደ ምሁሯ ዞሬ።

ራሷን ነቀነቀች። «ሁሉም በአንድ በር፣ በአንድ ስም ገብቷል። ከመካከላቸው አንዱ ነው። ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ራሱ ያደረገውም ሰው ላያውቅ ይችላል።»

በስንቱ ተናድጄ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተናድጄ አላውቅም። የሚቆጡበት ሰው ሲጠፋ ንዴት የት ይሄዳል? አንድ ሰው ሥራውን፣ ስሙን፣ የእናቱን ሐዘን ሳይቀር ተቀምቷል፤ የቀማው ደግሞ የመልካም ሰዎች ደግነት ነው።

ጋሼ ተነሡ። «ይሁን» አሉ። «ይግባ። የመጀመሪያው ቁልፍ የኔ ይሁን።»

ምሁሯ ቁልፋቸውን አሠራቻቸው። ከዚያ አሻራውን እንዲያነቡ ጠየቀቻቸው። አንዱን ፊደል በሌላ ተኩ።

«ልክ አይደለም፣ እንደገና» አለች።

«አንቺ! አጎትሽ ነኝ እኮ! ከተወለድሽ ጀምሮ ታውቂኛለሽ!»

«እርስዎን አውቃለሁ። ቁልፉን አላውቀውም። እንደገና።»

እያጉረመረሙ እንደገና አነበቡ፤ ልክ ሆነ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና፣ «የድሮው ሥራዬስ?» ብለው ጠየቁ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጻፍኩት?»

«‹አልተረጋገጠም› ይላል፣ ጋሼ።»

«የኔም?»

«የእርስዎም። ዛሬ ብንፈርምበት ‹ዛሬ አየሁት› ማለት ነው እንጂ ‹ያኔ ሠራሁት› አይሆንም። ፊርማ ወደ ኋላ ሄዶ አይመሰክርም።»

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለፉበት ሥራ በአንድ ቀን «አላውቅም» ሊባል መሆኑን ሰምተው «ይሁን» ያሉትን አላጠፉም። ለዚህ አከብራቸዋለሁ፤ ለሌላው ግን ይቅር ማለቱ የኔ ፋንታ አይደለም።

በማግሥቱ ጋሼ አለቃው ቢሮ ገብተው ስለ ስም ማቆየት ሁሉንም ተናገሩ። ጩኸቱ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ሲወጡ ግን ማንም አልተባረረም፤ ሁሉንም ማባረር ስለማይቻል። አንድን ሰው ብቻ ማባረር ሁልጊዜ ይቀላል።

ስለ ዝምተኛው የሚጠይቀው ቤት የደወለ ዕለት ምሁሯም እኔም አጠገባቸው ነበርን።

«ኮዱን ማን እንደጻፈው አናውቅም» አሉ ጋሼ ስልኩ ውስጥ። «ስሙ ነበረ፤ ስም ግን ማስረጃ አልነበረም። ማከማቻችን ማንንም በማንም ስም ይቀበል ነበር። ጥፋቱ የቤቱ ነው፤ ልማዱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ ያለችው ሴት ትሑት ነበረች። «እንግዲያው እሱ አልጻፈውም ይሉናል?»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በልቤ አልጻፈውም እላለሁ። የማሳየው ማስረጃ ግን የለኝም።»

«ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ሌላ ሰው ቀጠሩ። ጥርጣሬ ያለበትን ሰው ከሌለበት እኩል አድርጎ የሚያይ ቀጣሪ እስካሁን አላየሁም፤ ካያችሁ ንገሩኝ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አነሡ። «ውሰጂኝ» አሉኝ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። ዝምተኛው ሲያያቸው ከማሽኑ ጀርባ ወጥቶ ወንበሩን አቀረበላቸው። ክብር አልነሣቸውም። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ በድዬሃለሁ» አሉ። «አሁን አንድ ነገር አስቤ መጥቻለሁ። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ለአለቃውም፣ ለዚያ ቤትም፣ ለሁሉም። እኔ ጡረታዬ ቀርቧል፣ ምንም አልሆን። ያንተ ስም ይጸዳል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።»

ዝምተኛው አያቸው። «ጻፉት?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

«ካላወቁ ታዲያ እንዴት ጻፍኩት ይላሉ?» ድምፁ ከፍ አላለም። «በኔ ስም እኔ ያልሠራሁት ሥራ ገባ። አሁን ደግሞ በእርስዎ ስም የማያውቁት ጥፋት ሊገባ ነው? ጋሼ፣ እንደገና ስም እያቆዩልኝ እኮ ነው! ያ ልማድ ዛሬም አልለቀቀዎትም።»

 ያን ሁሉ ዓመት ሁሉን ሲመክሩ የኖሩ ሰውዬ ምክር የሚለምን ሰው ሆኑ። «ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ። ከዚያ ይፈርሙበት።»

እንዳላቸው አደረጉ። አዲሱ የፊርማ ማረጋገጫ ማከማቻው ውስጥ በገባበት ዕለት፣ ከሁሉ በፊት የገባችው የተፈረመች ኮሚት የጋሼ ናት። በውስጧ ኮድ የለም፤ አጭር ጽሑፍ ናት። «ሆስፒታሉን ያቆመውን መስመር ማን እንደሰረዘ አይታወቅም። ከእኛ አንዱ ነው። ስሙ የሰፈረበት ሰው በዚያ ሳምንት እናቱን እየቀበረ ነበር። እሱ ነው ብለን ማባረራችን በደል ነው» ትላለች። ከጎኗ «ተረጋግጧል» የሚል አለ። ወደ ኋላ ስትወርዱ ግን ያቺ የተረገመች ኮሚት እዚያው ናት፤ «አልተረጋገጠም» ይላል፣ ከጎኑም ዝምተኛው ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

እኔ መመሪያ ጸሐፊ ስለሆንኩ ሳልመክር አልሰናበትም። ያ ነገር ከገባ ወዲህ የይለፍ ቃሉ ከግድግዳው ተነሥቷል፤ የለጠፉበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አዲስ የሚቀጠር ሰው መጀመሪያ አሻራውን ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ጋሼ ራሳቸው ያመሳክሩታል፣ አንድ ፊደል ከሳተም «እንደገና» ይላሉ። የታመመ ሰው ቀኑ ባዶ ይሆናል፤ አለቃው ሲጠይቅ «ታሟል» ይባላል፤ በዚህም እስካሁን የተባረረ የለም። በቅርቡ አንድ ስሕተት ተገኝቶ አንዲት አዲስ ልጅ ስትጠረጠር፣ ፊርማው የሷ አለመሆኑ ወዲያው ታየ፤ ልጅቷ ሳታለቅስ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። የሠራው ሰውም «የኔ ነው» ብሎ አስተካከለው፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሰው ስሕተቱን መካድ ሲያቅተው ማረም ይቀለዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ይህ ሁሉ ጥቅም ነው። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ተበልቷል።

መመሪያዬን አርሜ እንደገና ለማሳተም ወደዚያው ቤት ሄድኩ። የቢሮው ማተሚያ ተጠግኖ ነበር፤ ዝምተኛው ዘንድ ላሳትም ስላሻኝ ነው። ማሽኑ ገጹን ሲያወጣ ዝምተኛው አንሥቶ አነበበው። «እዚህ ጋ የሚታየው ‹የኮሚቱ ባለቤት ነኝ› ያለው ሰው ስም ነው። ‹ተረጋግጧል› የሚል ከሌለበት በስሙ ብቻ ማንንም አትክሰሱ» ይላል።

«ማን አጸደቀው?» አለኝ።

«ጋሼ።»

ገጾቹን ደርድሮ፣ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ አስተካከለና ሰጠኝ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ለሚመጣው ሰው ጥሩ ነው።»